ሜሪላንድ ውስጥ ሽጉጥ የገዛሁበት ሱቅ፦ ከ5 ኮከብ 3

ከሱቄ ጎን ያለው ፀጉር ቤት በጥር ከተዘረፈ በኋላ ሽጉጥ ለመግዛት ወሰንኩ። ሜሪላንድ ውስጥ ይህ የአንድ ቀን ጉዳይ አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ2013 በወጣው ሕግ መሠረት የ4 ሰዓት ሥልጠና፣ የጣት አሻራና የግዛቱ ፖሊስ ፈቃድ ያስፈልጋል። ከግዢ ማመልከቻው በኋላም 7 ቀን መጠበቅ አለ።

አሠልጣኙ ጡረታ የወጡ ወታደር ናቸው። ባዶ ሽጉጥ እንኳ ቢሆን አፈሙዙን ወደ ሰው እንዳላዞር፣ ጣቴንም ከምላጩ እንዳርቅ እጄን ይዘው አስተማሩኝ። ለእርሳቸው ሙሉ ነጥብ እሰጣለሁ።

ሻጩ ግን አናደደኝ። የ7 ቀኑን ጥበቃ «ከንቱ ማጉላላት» አለው። በአሜሪካ በጥይት ከሚሞቱት ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ራሳቸውን የሚያጠፉ ናቸው፤ ተስፋ ለቆረጠ ሰው 7 ቀን ዕድሜ ነው! ስለ ማስቀመጫ ካዝናም አንድ ቃል አልተነፈሰም፤ የ9 ዓመት ልጅ እንዳለኝ ነግሬው ነው ያሳየኝ። በጣት አሻራ የሚከፈተው እጄ ሲረጥብ እምቢ ስላለኝ በቁጥር የሚከፈተውን ወሰድኩ።

ለሥልጠናው ሂዱ። ካዝናውን ግን ሽጉጡን ከመረከባችሁ በፊት ገዝታችሁ ከግድግዳ ጋር አሳስሩት።