ያያችሁት ስክሪን ሌላ፣ የሚሰጧችሁ ሌላ

ጎንደር ፒያሳ ላይ «ለዲዛይን የሚሆን» እያሉ ዩዝድ ላፕቶፕ የሚሸጡትን ታውቋቸዋላችሁ። ጠረጴዛው ላይ የተቀመጠው ብራይትነሱ ጥግ ድረስ ተለቆ የአበባና የዓሣ ቪዲዮ ይጫወትበታል። ከጎን ብታዩት፣ ከላይ ብታዩት ቀለሙ ንቅንቅ አይልም። ዋጋ ትስማማላችሁ። ከዚያ «ይሄ የማሳያ ነው፣ ጸዳ ያለውን ከውስጥ ላምጣላችሁ» ይላል። የምትበሉት እዚችው ላይ ነው።

ትናንት ከውስጥ የወጣው በላስቲክ የተጠቀለለ ቲንክፓድ ቲ480 ነበር። ራሙ ያው፣ ፕሮሰሰሩ ያው። ሰውየው ክዳኑን ከፈት አደረገና በአውራ ጣቱ ደግፎ ያዘው፣ ልክ በዓይን ትይዩ፣ ወዲህም ወዲያም ሳይል። «በራ አይደል?» ዘጋው፣ ቦርሳ ውስጥ ከተተው፣ ደረሰኙ ላይ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የሚለውን ማኅተም ጧ አደረገበት። ለካ ያ አውራ ጣት ሥራ ላይ ነበር! ቲኤን ፓኔል (ርካሹ የስክሪን ዓይነት) ፊት ለፊት ሲያዩት ደህና ይመስላል፤ ክዳኑ ትንሽ ሲያዘነብል ነው ጉዱ የሚወጣው።

ላፕቶፑ ሲመለስለት ሻጩ ዓይኑን ከስልኩ አላነሳም። «ስክሪን ስክሪን ነው፣ ድራይቨር ጫንበት ይስተካከላል።» አጠገቡ ያለው ልጅ ደግሞ «እነዚህ ዲዛይነር ነን ባዮች!» ብሎ ሳቀ። ቲኤንን አይፒኤስ (ከየትም ብታዩት ቀለሙ ንቅንቅ የማይለው የስክሪን ዓይነት) የሚያደርግ ድራይቨር የለም፤ እሱም ያውቀዋል።

ቲ480 ከፋብሪካው በተለያየ ስክሪን ነው የወጣው፦ 1366 በ768 ቲኤን፣ 1920 በ1080 አይፒኤስ፣ 2560 በ1440 አይፒኤስ። ክዳኑ ላይ ያለው ስም አንድ ነው። ቲኤኑ ላይ ከላይ እስከ ታች አንድ ዓይነት የተቀባ ግራጫ እንኳ ከላይና ከታች ሁለት ግራጫ ሆኖ ይታያል። አይፒኤስ መሆኑም ብቻውን አይበቃም። ብዙዎቹ ርካሽ አይፒኤሶች ኤንቲኤስሲ ከሚባለው የቀለም መለኪያ 45 በመቶውን ብቻ ነው የሚያሳዩት፤ ሙሉ ኤስአርጂቢ (ለስክሪን ሥራ የተለመደው የቀለም ክልል) ግን ከዚያው ወደ 72 በመቶ ይጠይቃል። ቀዩ ፈዞ ሲታያችሁ ትጨምሩበታላችሁ፣ የጥምቀቱ ባነር ከማተሚያ ቤት ሲወጣ ደም መስሎ ቁጭ!

ስለዚህ ከውስጥ የመጣውን ራሱን አብሩት። ሙሉ ስክሪን ግራጫ ክፈቱና ጎንበስ ብላችሁ ከታች እዩት፤ ከጠቆረ ቲኤን ነው። ኤችደብሊው ኢንፎን (የኮምፒውተሩን ክፍሎች ዝርዝር የሚያሳይ ፕሮግራም) በፍላሽ ይዛችሁ ሂዱና የፓኔሉን ቁጥር አንብቡ፦ ቢ140ኤክስቲኤን ካለ ተዉት፣ ቢ140ኤችኤኤን ካለ አይፒኤስ ነው። የስክሪኑን ዓይነትና ሪዞሉሽን ደረሰኙ ላይ አስጽፉ። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ስለምንገዛው ዕቃ ጥራትና ዓይነት ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት ሰጥቶናል፣ ማኅተሙ የፈለገውን ይበል።

የተበላችሁ ካላችሁ፣ የቲ480 ቲኤን ስክሪን ኬብሉ ሳይነካ በ30 ፒን (መሰኪያው 30 እግር ያለው) 1920 በ1080 አይፒኤስ ይተካል። 2560 በ1440 ካማራችሁ ግን ባለ 40 ፒን ኬብል አብሮ መገዛት አለበት፤ ይህንንም ጠጋኙ ቀድሞ አይነግራችሁም።