‹‹በጁገል ጥንታዊ ቤት ሁለት ሌሊት›› ብለው ሲሸጡላችሁ፣ የቤቱን ስም ጠይቁ

ከአዳማ ወደ ሐረር የሦስት ቀን ጥቅል ጉዞ የሚሸጥ ሰው ‹‹ማረፊያችሁ ጁገል ውስጥ፣ በጥንታዊ የሐረሪ ቤት ነው›› ካላችሁ፣ ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት የቤቱን ስምና የባለቤቱን ስልክ ጠይቁት። ካልነገራችሁ ገንዘባችሁን ይዛችሁ ውጡ። እኔ ሳልጠይቅ ለሁለት ሰው 19,600 ብር ከፍዬ፣ ሁለቱንም ሌሊት ከጁገል፣ በግንብ ከታጠረው ከአሮጌው የሐረር ከተማ ውጭ፣ ቀለሙ ገና በሚሸት ፎቅ ውስጥ አድሬ መጥቻለሁ።

የድርጅቱን ስም አልጽፍም። አንደኛ፣ አቤቱታዬ ገና አላለቀም። ሁለተኛ፣ ስሙን ብነግራችሁ በሚቀጥለው ወር ሌላ ስም ለጥፎ ይመጣል፤ ስለዚህ አሠራሩን ብታውቁት ይሻላችኋል።

ነገሩን ያስጀመረው አባቴ ነው። ጡረታ እስኪወጣ ድረስ በድሮው ምድር ባቡር ሠርቷል፤ ድሬዳዋን ሰፈር በሰፈር ያውቃታል። ሐረር ከድሬዳዋ 55 ኪሎ ሜትር ያህል ብትርቅ ነው፤ እርሱ ግን ከሐዲዱ ርቆ ወደዚያ ሄዶ አያውቅም። ‹‹ሐረርን ሳላያት ነው የምሞተው›› ማለት ካዘወተረ ሦስት ዓመት ሆነው። ማስታወቂያውን በቴሌግራም ሳይ ታዲያ ብዙ አላሰብኩም።

ያሳመነኝ ፎቶው ነበር። በቀይ የተቀባ፣ እንደ ደረጃ ከፍና ዝቅ እያለ የሚሄድ መደብ፤ በኖራ የነጣ ግድግዳ፤ በግድግዳው ላይ ከወለል እስከ ጣሪያ ጥቂት እስኪቀር የተሰቀሉ በየቀለሙ የተሰፉ ሰፌዶችና የሸክላ ሳህኖች፤ ከበሩ በላይ ተጠቅልሎ የተቀመጠ ምንጣፍ። ከመደቡ ጥግ ደግሞ ክዳኑ የተሸረፈ ሰማያዊ ቴርሞስ። ይህን ቴርሞስ ያዙልኝ፣ እመለስበታለሁ።

ቢሮው መሀል አዳማ አንድ ፎቅ ላይ ነው፤ ንጹሕ ነው፣ ልጅቷም ትሑት ናት። የሰጠችን ወረቀት ‹‹መኝታ በባህላዊ ቤት፣ ቁርስ፣ አስጎብኚ፣ የመግቢያ ክፍያ፣ የጅብ ትርዒት፣ ሁሉም ተካቷል›› ይላል። ከግርጌው በደቃቅ ፊደል ‹‹ፕሮግራሙ እንደ ሁኔታው ሊለወጥ ይችላል›› የሚል አለበት። አንብቤዋለሁ፤ መንገድ ቢዘጋ ለማለት ነው ብዬ አለፍኩት። ገንዘቡን ያስገባሁት በአንድ ግለሰብ የባንክ ሒሳብ ነው። ደረሰኝ ስጠይቅ ማኅተም ያረፈበት መተማመኛ ሰጡኝ። ይህን ሁሉ የምዘረዝረው ሞኝነቴን ለማሳየት አይደለም፤ እያንዳንዱ ነገር በኋላ ስለተቆጠረብኝ ነው።

የጉዞው ቀን ከታኅሣሥ 17 እስከ 19 ነበር። አባቴ ይህን ሲሰማ ‹‹የቁልቢ ገብርኤል ዋዜማ አይደለም እንዴ?›› አለ። ልጅቷ ‹‹ችግር የለውም አባባ፣ መንገዱ ክፍት ነው›› አለችው። መንገዱስ ክፍት ነበር፤ ለመላው አገር ነበር የተከፈተው። ከአዳማ ሐረር ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፣ ከዚያ ላይ ዓመቱን ሙሉ ስለቱን ይዞ የጠበቀ ሕዝብ በዚያው መስመር ይጓዛል። ከጠዋቱ 12 ሰዓት መነሣት የነበረበት አውቶቡስ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ተነሣ። በመተሐራ የበሰቃን ሐይቅ አለፍን፤ አዋሽ፣ ሚኤሶ፣ ጭሮ እያልን ጨለንቆ ስንደርስ መሽቶ ነበር። አባቴ የምኒልክ ጦር የሐረሩን አሚር አብዱላሂን በ1879 ዓ.ም. ድል ያደረገው እዚሁ መሆኑን ለመንገደኛው መናገር ሲጀምር ረዳቱ ሙዚቃውን ከፍ አደረገው። ከዚያ በኋላ ቁልቢ ድረስ በእግሩ ከሚሄደው ምእመን ኋላ ኋላ እየተጎተትን ሐረር የገባነው ከሌሊቱ አራት ሰዓት ሊሆን ሲል ነው። ጅቦቹ በልተው ሄደዋል። ‹‹ነገ ታያላችሁ›› ተባልን። በማግስቱ ስናያቸው ‹‹የትናንቱ ነበር የተከፈለው›› ተብለን ከኪሳችን ከፈልን።

አውቶቡሱ ከጁገል በር ሳይደርስ በአዲሱ ከተማ በኩል አንድ ፎቅ ፊት ቆመ። ‹‹ለዛሬ ነው?›› አልኩት አስተባባሪውን። ‹‹ይኸው ባህላዊ ቤቱ!›› ብሎ የእንግዳ መቀበያውን ጥግ አሳየኝ። በሲሚንቶ ሁለት ደረጃ መደብ ሠርተው ቀይ ቀለም ቀብተውታል፤ ከላዩ የፕላስቲክ ሰፌድ በሚስማር መትተዋል። ፎቶ የሚነሣበት ነው እንጂ የሚታደርበት አይደለም። የእኛ ክፍል ሁለተኛ ፎቅ ላይ ሆኖ መስኮቱ ወደ ጀነሬተር ይከፈታል።

እዚህ ላይ ቀድሞ ሊገባኝ የሚገባውን ነገር ልንገራችሁ። የሐረሪ ቤት፣ በእነርሱ ቋንቋ ጌይ ጋር የሚሉት፣ አንድ ቤተሰብ እንዲኖርበት የተሠራ ነው። ሳሎኑ አምስት መደቦች አሉት፤ እያንዳንዱ መደብ ማን እንደሚቀመጥበት ይታወቃል። ከጎኑ ለሙሽሮች የምትሆን ጠባብ ጓዳ አለች።  እውነተኛ እንግዳ ማረፊያ የሆኑ እንዲህ ያሉ ቤቶች ጁገል ውስጥ አሉ፤ ክፍሎቻቸው ግን በእጅ ጣት የሚቆጠሩ ናቸው። እኛ 22 ነበርን። ሃያ ሁለት ሰው በአንድ ጌይ ጋር አይተኛም። አውቶቡስ ሙሉ ሰው በጥንታዊ ቤት አሳድራለሁ የሚል ሻጭ ወይ ቤቱን አያውቀውም ወይ እኛን ንቆናል።

በማግስቱ የመጣልን አስጎብኚ ዕድሜው ሃያ የማይሞላ፣ አንገቱ ላይ መታወቂያ ያላንጠለጠለ ልጅ ነበር። ልጁን አልወቅሰውም፤ የሚከፈለው ገበያ ባስገባው ሰው ቁጥር እንደሆነ በኋላ ራሱ ነግሮኛል። ግንቡን ‹‹ግራኝ አሕመድ ነው ያሠራው›› አለን። አባቴ በጨዋ ደንብ ‹‹ልጄ፣ አሚር ኑር ነው፤ ግራኝ ከሞተ በኋላ›› አለው። ልጁ ‹‹እሺ አባባ›› ብሎ ቀጠለ፣ ሸዋ በር ላይ ስንደርስ ግን ለሌላ ጠያቂ ያንኑ ግራኝን ደገመለት። የፈረንሳዊውን ገጣሚ የራምቦን ቤት ስናይ ‹‹ገጣሚው የኖረበት›› አለን፤ ያ የተዋበ የእንጨት ፎቅ ግን የሕንድ ነጋዴ ያሠራው እንደሆነና ራምቦ እንዳልኖረበት በሰፊው ይነገራል። ቤቱ አያምርም ማለቴ አይደለም፣ በጣም ያምራል። ለሚያምር ቤት ውሸት ለምን ያስፈልገዋል?

በየበሩ ደግሞ መክፈል ነበር። ‹‹የመግቢያ ክፍያ ተካቷል›› የሚለውን ወረቀት ሳወጣ ልጁ አላየውም። በድሮው የራስ ተፈሪ ቤት ያለውን የሸሪፍ ሙዚየም፣ ብራናውን፣ ሳንቲሙን፣ ጌጡን፣ ሰይፉን፣ በሃያ ደቂቃ ሩጫ አየነው። ከዚያ መኪና ግርግር ወረድን፤ ስሙን ያገኘው ከልብስ ሰፊዎቹ መኪና ድምፅ ነው፣ እውነትም ግር ግር ይላል። እዚያ አጠገብ በአንድ የሰፌድ ሱቅ ውስጥ ግን ሃምሳ ደቂቃ ተቀመጥን። ጁገል በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ የገባው በ1998 ዓ.ም. ነው፤ 82 መስጊድና 102 የወሊዮች ሥፍራ የተቆጠረበት ከተማ ነው። እኛ ከዚህ ሁሉ በደንብ አድርገን ያየነው የሰፌድ ዋጋ ነው።

ከሱቁ ስንወጣ አባቴ እግሩን ስላመመው ከቡድኑ ቀረን። በአንድ ጠባብ መንገድ፣ ሁለት ሰው ጎን ለጎን በማያሳልፍ፣ ቀስ እያልን ስንሄድ አንዲት ትልቅ ሴት ከግቢያቸው በር ቆመው ‹‹ግቡ፣ አረፍ በሉ›› አሉን። ጫማችንን አውልቀን ገባን።

ከበሩ በላይ የተጠቀለለ ምንጣፍ አለ። ቀይ መደብ፣ ነጭ ግድግዳ፣ ሰፌዶቹ በዚያው ተራ፣ ትልቁ መሀል፣ ትንንሾቹ ዙሪያውን። ስልኬን አውጥቼ ማስታወቂያውን ከፈትኩና ከግድግዳው ጋር አስተያየሁት። በሦስተኛው ረድፍ የተሰነጠቀው ሳህን ሳይቀር አለ። ሰማያዊው ቴርሞስ መደቡ ጥግ ላይ ነው፤ ክዳኑ ተሸርፏል።

ሴትየዋ ስልኩን ተቀብለው ራቅ አድርገው አዩትና ሳቁ፤ የደስታ ሳቅ አልነበረም። ‹‹ይህን ይዞ የመጣ አንተ የመጀመሪያው አይደለህም ልጄ። በዚህ ወር ብቻ አራት ቤተሰብ ‘አልጋችን የቱ ነው?’ ብሎኛል። እኔ አልጋ አላከራይም። ቤቴን ማየት ለሚፈልግ አሳያለሁ፣ የፈቀደውን ይሰጠኛል። አንዱ ፎቶ አንሥቶ ሲወጣ ቤቴን ይዞት እንደሚሄድ በምን አውቃለሁ?››

የሻጩን ድርጅት ስም ስነግራቸው ሰምተውት አያውቁም። ከዚያ አባቴን ‹‹እዚያ አይቀመጡ፣ ከላይ ይቀመጡ›› ብለው ለቤቱ ትልቅ ሰው ከሚሆነው መደብ ላይ አስቀመጡት። ከዚያው ቴርሞስ የቡና ቅጠል ቁጢ ቀዱልን። ምንጣፉ ተጠቅልሎ የሚቀመጠው በቤቱ ለአቅመ ሔዋን የደረሰች ልጅ ስትኖር እንደሆነ፣ የመደቡ ቅላት በጨለንቆ የፈሰሰውን ደም እንደሚያስታውስ እንደሚባል ነገሩን። አባቴ ሌሊት አውቶቡስ ውስጥ ያቋረጡበትን ወሬ እዚህ ጨረሰው፤ እርሳቸውም የሰሙትን ጨመሩለት። አንድ ሰዓት ተኩል ቆየን። ከሦስቱ ቀን ሐረርን አየን የምንለው ያቺን ሰዓት ተኩል ነው፤ እርሷም በጥቅሉ ውስጥ የለችም።

ሦስተኛው ቀን አልነበረም ማለት ይቻላል። በወረቀቱ ላይ እስከ ምሳ በፈረስ መጋላ ገበያ ነበርን፤ ‹‹የቁልቢ መንገድ ይጨናነቃል›› ተብሎ ከጠዋቱ 11 ሰዓት ተቀስቅሰን ቁርስ ሳንበላ ተነሣን። ያን ጊዜ ቁልቢ ትዝ አላቸው።

አዳማ እንደገባሁ በሦስተኛው ቀን ቢሮ ሄድኩ። በየበሩ የከፈልነው 2,350 ብርና የመኝታው ልዩነት እንዲመለስልኝ ጠየቅኩ። ልጅቷ አሁንም ትሑት ናት፤ ጣቷን ‹‹እንደ ሁኔታው›› በሚለው ላይ አሳረፈች። ፎቶውስ? ስላት ‹‹ለማሳያ ነው›› አለች። ለሚቀጥለው ጉዞ የአሥር በመቶ ቅናሽ ልታደርግልኝ ፈቃደኛ ነበረች። የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማቹ ስለሚገዛው አገልግሎት ትክክለኛና በቂ መረጃ የማግኘት መብት እንዳለው ይደነግጋል፤ ሌላ ሰው ቤት ፎቶ አንሥቶ ‹‹ማረፊያችሁ›› ማለት በየትኛውም አተረጓጎም ከዚህ ጋር አይሄድም። ለንግድ ጽሕፈት ቤቱ ማመልከቻዬን ስሰጥ የመጀመሪያው ጥያቄ ‹‹ደረሰኝህስ?›› የሚል ነበር። ያለኝ መተማመኛና በግለሰብ ስም የተላከ የባንክ ማስተላለፊያ ነው። ክርክሬ የሳሳው እዚህ ላይ ነው፤ የእናንተ እንዳይሳሳ ክፍያው በድርጅቱ ስም ይግባ፣ ደረሰኙም ሕጋዊ ይሁን፣ ቀሪውን ደግሞ ማረፊያውን በዓይናችሁ ካያችሁ በኋላ ክፈሉ። በዚህ የማይስማማ ሻጭ ምን እንደሚፈራ ራሱ ያውቃል።

ስለ መግቢያ ክፍያም ‹‹ተካቷል›› የሚል ቃል አይበቃም። የትኛው ሙዚየም፣ የትኛው ቤት፣ የጅቡ ስንት ሌሊት፣ በስም ያስጽፉት። ‹‹እንደ ሁኔታው›› የሚለው ካለ፣ ሁኔታው ምን እንደሆነና ሲለወጥ ስንት እንደሚመለስ አብሮ ይጻፍ። ቀኑ ከታኅሣሥ ወይም ከሐምሌ 19 ጋር የሚገናኝ ከሆነ፣ ለንግሥ ካልሆነ በቀር ሌላ ቀን ምረጡ።

ከሁሉም ይልቅ ግን ጥቅሉ ራሱ አያስፈልጋችሁም ባይ ነኝ። ከአዳማ እስከ ድሬዳዋ በባቡር ይኬዳል፤ ጣቢያዎቹ ከከተማ ወጣ ስለሚሉ የባጃጁን አስቡበት፣ ባቡሩ የሚሄድበትንም ቀን አስቀድማችሁ ጠይቁ። ከድሬዳዋ ሐረር በሚኒባስ ቅርብ ነው። ጁገል ውስጥ ከሚያሳድሩት ጥንታዊ ቤቶች ለአንዱ ራሳችሁ ደውሉ፤ ክፍላቸው ጥቂት ስለሆነ ቀደም ብላችሁ። መታወቂያ ያለው አስጎብኚ እዚያው ስትደርሱ በቀን ተዋውላችሁ ትይዛላችሁ። የሰው ቤት ስትገቡ ደግሞ ፎቶ ከማንሣታችሁ በፊት አስፈቅዱ፣ ስትወጡም ለባለቤቷ የሚገባውን በእጇ ስጡ።

ይህን ልጽፍ የተቀመጥኩት ትናንት ማታ ማስታወቂያው እንደገና ስለተለጠፈ ነው። ጉዞው ለጥምቀት ነው፤ ዋጋው በሰው ከ9,800 ወደ 11,500 ብር ከፍ ብሏል። ‹‹የቀሩት አራት ቦታዎች ብቻ ናቸው›› ይላል። ፎቶው ያው ነው። ቴርሞሱን ቆርጠው አውጥተውታል፤ የተሰነጠቀው ሳህን ግን አሁንም በሦስተኛው ረድፍ ይታያል።