ለማይግሬን የሞከርኳቸው፦ አይስ ፓኩ፣ ቡናው፣ ዳማከሴው

ማይግሬን ያለበት ሰው ይገባዋል። የኔ ከግራ ዓይኔ ሥር ይጀምርና ግማሽ ጭንቅላቴን ይዞ ይጠዘጥዘኛል። ብርሃን ይወጋኛል፣ የሰው ድምፅ ይከብደኛል፣ ያቅለሸልሸኛል። ካልታከመ ከ4 እስከ 72 ሰዓት ሊቆይ የሚችል በሽታ ነው፤ እኔን ብዙ ጊዜ አንድ ቀን ሙሉ ያስተኛኛል። ማይግሬን መሆኑን ሐኪም ካረጋገጠልኝ በኋላ ቤት ውስጥ ያልሞከርኩት የለም።

ከሁሉም የጠቀመኝ ከፋርማሲ የገዛሁት አይስ ፓክ ነው። ውስጡ ሰማያዊ ጄል ያለበት፣ ሁለት መዳፍ የሚያክል የፕላስቲክ ከረጢት ነው። የሚሸጠው ለወለምታና ለእብጠት ተብሎ ነው፣ እኔ ግን ለጭንቅላቴ ብቻ ነው የገዛሁት። ዓይኔ ሥር ውጋት ስትጀምር፣ ሳልዘገይ፣ ከፍሪዘር አውጥቼ በስስ ፎጣ እጠቀልለዋለሁ፣ ግንባሬ ላይ ወይም ማጅራቴ ላይ አደርገውና በሻሽ ጥብቅ አድርጌ አስረዋለሁ። ሻሹን ከእናቴ ነው ያየሁት፤ ራሷን ሲፈልጣት በሻሽ ጥፍር አድርጋ አስራ ግድግዳ ዞራ ትተኛ ነበር። መጋረጃ ዘግቼ፣ ስልኬን ከክፍሉ አውጥቼ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ እተኛለሁ። ጄሉ ከፍሪዘር ወጥቶም እንደ በረዶ ድርቅ አይልም፣ የግንባርን ቅርፅ ይዞ ይለጠፋል። አንድ ቀን ቸኩዬ ያለ ፎጣ አድርጌው ግንባሬ ቀልቶ ሲያቃጥለኝ ዋለ፣ ስለዚህ ፎጣዋን እንዳትረሱ። ጉድለቱ መብራት ሲጠፋ ነው። ያን ጊዜ ፎጣ በቀዝቃዛ ውኃ ነክሬ እጨምቅና እሱን እየቀያየርኩ አደርጋለሁ፤ ያው ባይሆንም ያሳርፋል።

ቡና ሁለት ፊት አለው። ገና ሲጀምረኝ አንድ ሲኒ ቡና ከማስታገሻዬ ጋር ስጠጣ ቶሎ ይለቀኛል፣ አንዳንድ የራስ ምታት ክኒን ውስጥም ካፌይን የሚጨመረው ለዚህ ነው። ግን በቀን አራት አምስት ሲኒ የለመደ ሰው አንድ ቀን ሲያቋርጥ ራሱን የሚያመው በዚያው በቡናው ነው። እኔ አቦል ጠጥቼ እነሳለሁ። ሌላው የቡናው ጣጣ ዕጣኑ ነው። ኃይለኛ ሽታ ማይግሬን ይቀሰቅሳል፣ ዕጣን የሚጨስበት ጠባብ ሳሎን ውስጥ ቆይቼ በጤና የተመለስኩበት ቀን ትዝ አይለኝም። አሁን ቡና የሚጠሩኝን ሰዎች “ለኔ ስትሉ ዕጣኑን ተዉት” እላለሁ፣ ማንም ቅር ብሎት አያውቅም።

ዳማከሴን ያመጡልኝ ጎረቤታችን እማማ ናቸው። “ምች ነው የመታሽ ልጄ” ብለው ቅጠሉን በመዳፋቸው አሹና አሸተቱኝ፣ ጭማቂውን ደግሞ ቡና ላይ ጠብ አድርገው አጠጡኝ። ከዚያ በኋላ ከሾላ ገበያ በእስር እየገዛሁ ደጋግሜ ሞክሬዋለሁ። ማቅለሽለሹን ትንሽ ያበርድልኛል፣ ሕመሙን ግን አላቆመልኝም። ሕመሙ ከበረታ በኋላማ ያ ሽታ ራሱ ይከብደኛል። ለምች የሚሰጠው ጥቅም ሌላ ነገር ነው፣ ማይግሬን ግን ምች አይደለም።

ዝንጅብል ይሻላል። የአውራ ጣት አንጓ የሚያክል ትኩስ ዝንጅብል ቀጥቅጬ አሥር ደቂቃ አፈላና ሞቅ እንዳለ ቀስ እያልኩ እጠጣለሁ። ሆዴን ያረጋጋልኛል፣ ሆዴ ከተረጋጋ ደግሞ ክኒኑ አይወጣም። ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የምትወስዱ ግን መጀመሪያ ሐኪማችሁን ጠይቁ።

ገንዘቤን ያቃጠልኩት “ማይግሬንን ከሥሩ ይነቅላል” ተብሎ የተሸጠልኝ ቅባት ላይ ነው። ጠርሙሱ ላይ ምን እንደገባበት አልተጻፈም። ግራና ቀኝ ጆሮ ግንዴን ቀባሁት፣ ሽታው አፍንጫዬን ሰነጠቀው፣ በሩብ ሰዓት ውስጥ አስመለሰኝ። ውስጡ ያለው ያልተጻፈበትን ነገር ከማንም አትግዙ።

ምንም ወጪ የሌለው ደግሞ ሰዓት ጠብቆ መብላት፣ ውኃ መጠጣትና በአንድ ሰዓት መተኛት ነው። እኔን በጣም የሚቀሰቅስብኝ ሳይበሉ መዋል ነው። በሁዳዴ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ስቆይ በየሳምንቱ እወድቅ ነበር። ለንስሐ አባቴ ነገርኳቸው፣ እሳቸውም “በሽተኛ አይገደድም፣ እህል ቅመሺ” አሉኝ። እንዳሉኝ ሳደርግ በዚያ ጾም የታመምኩት ሁለት ጊዜ ብቻ ነው።

ማስታገሻ ክኒንም አታብዙ። ፓራሲታሞልና መሰሎቹን በወር 15 ቀንና ከዚያ በላይ፣ ለወራት የሚወስድ ሰው ክኒኑ ራሱ ራስ ምታት ያመጣበታል። እኔ የምወስድበትን ቀን ካላንደር ላይ እጽፋለሁ። ደግሞ በድንገት የመጣ፣ በሕይወታችሁ አይታችሁ የማታውቁት ዓይነት ኃይለኛ ሕመም፣ ትኩሳትና የአንገት መገተር ያለበት፣ ወይም እጅ የሚያደነዝዝና ምላስ የሚያስር ራስ ምታት ከሆነ ሻሹንም ዝንጅብሉንም ትታችሁ ቶሎ ሐኪም ቤት ሂዱ።

አይስ ፓኩን የምትገዙ ከሆነ ሁለት ግዙ። አንዱ ግንባራችሁ ላይ ሲሞቅ ሌላው ፍሪዘር ውስጥ ይጠብቃችኋል። እኔ ሁለተኛውን የገዛሁት ከስድስት ወር በኋላ ነው፣ በመጀመሪያው ቀን መግዛት ነበረብኝ።