ኒኮን ዲ750 ለተራራና ለሰማይ ፎቶ፦ ያገለገለ ለምትገዙ

ያገለገለ ካሜራ ገዝቶ መልክዓ ምድር ማንሳት ለሚፈልግ ሰው ኒኮን ዲ750ን ያለ ማመንታት እመክራለሁ። የወጣው በ2014 እ.ኤ.አ. ነው፤ ቆይቷል። ግን ተራራ ቦታውን ስለማይለቅ የአዳዲሶቹ ካሜራዎች ፈጣን ፎከስ ለዚህ ሥራ ያን ያህል አያስፈልግም።

የወደድኩት በብርሃን ልኬቱ ነው። የካሜራ ሜትር (የብርሃን መለኪያው) የሚያየውን ሁሉ መካከለኛ ግራጫ ነው ብሎ ይነሳል። ሰሜን ተራሮች ላይ፣ ሳንቃበር አካባቢ፣ ጠዋት ጉም ገደሉን ሲሞላው ሜትሩ ነጩን አይቶ ብርሃኑ በዝቷል ብሎ ይቀንሳል፤ ያ የሚያምር ጉም የጭስ መልክ ይዞ ይወጣል። ያኔ ኤክስፖዠሩን (ፎቶው የሚያገኘውን ብርሃን) ወደ +1 ከፍ አድርጉት። ጥቁር ቋጥኝ ፍሬሙን ከሞላው ደግሞ ወደ ታች።

ዲ750 ከተለመዱት ከማትሪክስ (ሙሉ ፍሬሙን ከሚለካው)፣ ከሴንተር (ለመሃሉ ከሚያደላው)ና ከስፖት (አንድ ነጥብ ብቻ ከሚለካው) ሌላ አራተኛ ልኬት አለው። ለደማቁ ክፍል ቅድሚያ የሚሰጥ ነው፤ ምልክቱ ከስፖቱ ጋር ይመሳሰላል፣ አጠገቡ ኮከብ አለው። ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ይህን ተጠቀሙ። ሰማዩ አይቃጠልም፣ ማለትም ዝርዝሩ ጠፍቶ ነጭ ብቻ አይሆንም። መሬቱ ጨልሞ ይታያል፣ አትደንግጡ፤ በሮው (ካሜራው ያየውን ሁሉ ሳይጨምቅ በሚያስቀምጠው ፋይል) ካነሳችሁና አይኤስኦው (የብርሃን ትብነቱ) 100 ላይ ከሆነ ከጥላው ውስጥ የሣሩንም የድንጋዩንም ዝርዝር መልሳችሁ ታወጣላችሁ፣ የተቃጠለ ሰማይ ግን በምንም ኤዲቲንግ አይመለስም። ለእኔ ይህ አንድ ነገር ብቻውን ካሜራውን ያስገዛል።

ዴፕዝ ኦፍ ፊልድ (ከቅርብ እስከ ሩቅ ጥርት ብሎ የሚወጣው ክልል) ላይ ግን ሥራው የእናንተ ነው። በቪውፋይንደሩ (ዓይናችሁን በምታስጠጉበት መስኮት) የምታዩት ሌንሱ እስከ መጨረሻው ተከፍቶ ነው፤ ስለዚህ ምኑ ጥርት እንደሚል፣ ምኑ እንደሚደበዝዝ በትክክል አይነግራችሁም። ከፊት በኩል ፒቪ የሚል ቁልፍ አለ። ስትጫኑት አፐርቸሩ (የሌንሱ የብርሃን ቀዳዳ፣ የኤፍ ቁጥሩ ሲጨምር የሚጠበው) ወደ መረጣችሁት ቁጥር ይጠባል፣ ምስሉም ይጨልማል፤ ዓይናችሁ እስኪለምደው ጠብቁና እዩ። ከፊት ጅብራ፣ ከኋላ ገደል አለ እንበል። ሌንሱ 24 ሚሊሜትር፣ አፐርቸሩ ኤፍ 11 ከሆነ ፎከሱን 2 ሜትር ገደማ ላይ አድርጉት። ከ1 ሜትር ጀምሮ እስከ ሩቁ ተራራ ድረስ ጥርት ይላል። ብዙ ሰው ሩቁ ተራራ ላይ ፎከስ አድርጎ ቅርብ ያለው ጅብራ ለምን ደበዘዘ ይላል! ሁሉም እንዲጠራ ብላችሁ ኤፍ 22 ድረስ አትሂዱ፤ ቀዳዳው ሲጠብ ብርሃኑ ይበተንና ፎቶው በሙሉ ይለሰልሳል።

ስክሪኑ ስለሚታጠፍ ካሜራውን መሬት አስጠግቶ ለማንሳት ይመቻል፣ ንክኪ ግን የለውም። በስክሪን እያያችሁ ስታነሱ አውቶፎከሱ ቀርፋፋ ነው፤ በእጅ ማስተካከል ይሻላል። ክብደቱ ከነባትሪው 840 ግራም ገደማ ነው፣ ሌንስና ትራይፖድ ሲጨመር ዳገት ላይ ይሰማል።

ሌንስ ላይ ውድ ኤፍ 1.4 አትፈልጉ። ለዚህ ሥራ ኤፍ 11 ላይ ስለምትውሉ 24-120 ኤፍ 4 በደንብ ይበቃል።

ስትገዙ ሲሪያል ቁጥሩን ሳታዩ ገንዘብ አትክፈሉ። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ከተመረቱት የተወሰኑት፣ በሲሪያል ቁጥራቸው የሚለዩት፣ የሹተር (ብርሃኑን የሚከፍተውና የሚዘጋው መጋረጃ) ችግር እንዳለባቸው ኒኮን ራሱ አሳውቆ በነጻ ሲጠግን ነበር። ሻጩን ሹተሩ ተቀይሯል ወይ ብላችሁ ጠይቁት፣ ከዚያ በፈጣን ሹተር ሰማይ አንሱና የፎቶው አንዱ ጠርዝ ጠቁሮ እንደሆነ አጉልታችሁ ተመልከቱ።