ከቤታችን ጋር የተቀጠለው የመስታወት ክፍል፦ የ14 ወራት የተጠቃሚ ግምገማ

በቤታችን ጀርባ፣ ቀድሞ ክፍት በረንዳ በነበረበት ቦታ፣ ያስቀጠልነው የመስታወት ክፍል አገልግሎት መስጠት ከጀመረ 14 ወራት ሆኖታል። በእነዚህ ወራት አንድ ሙሉ የሙቀት ወቅትና ሁለት የወጀብ ወቅቶች ተፈራርቀውበታል። ከማሠራታችን በፊት ያነበብኳቸው ግምገማዎች አብዛኞቹ ሥራው ባለቀ ሰሞን የተጻፉ ስለነበሩ፣ ክፍሉ እንዴት እንደሚያምር ይናገሩ ነበር እንጂ ዝናብ በጎን ሲመታው ወይም የከሰዓት በኋላ ፀሐይ ሲያርፍበት ምን እንደሚሆን አይነግሩም ነበር። እኔም ይህን ለመጻፍ የዘገየሁት በዚሁ ምክንያት ነው።

ክፍሉ 5 ሜትር ርዝመትና 4 ሜትር ስፋት አለው። ሦስቱ ጎኖቹ በአሉሚኒየም ፍሬም የተያዙ ድርብ መስታወቶች ሲሆኑ አራተኛው የነባሩ ቤት ግድግዳ ነው። ጣሪያው ግን መስታወት የለውም፤ በሁለት የአሉሚኒየም ገጾች መካከል 10 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ፎም የተሞላበት ፓኔል ነው። ፍርዴን ከወዲሁ ልናገር፦ ክፍሉን ዛሬም እንደገና አሠራዋለሁ። ነገር ግን በምዕራቡ ጎን ይህን ያህል መስታወት አላስገባም፤ አዲሱ ጣሪያ ከአሮጌው ግድግዳ ጋር ለሚገናኝበት መስመርም ለመስታወቱ ምርጫ ከሰጠሁት የበለጠ ጊዜና ገንዘብ እመድባለሁ።

የመጀመሪያው ንድፍ የመስታወት ጣሪያ ነበረው። ጋደም ብሎ ሰማይ ማየትን ሁላችንም ተመኝተን ነበር፤ ሐሳባችንን ያስለወጠን ቀላል ስሌት ነው። ጥርት ባለ ቀን፣ ፀሐይ አናት ላይ በምትሆንበት ሰዓት፣ በአንድ ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ ወደ 1,000 ዋት የሚጠጋ ኃይል ያርፋል። ጣሪያችን 20 ካሬ ሜትር ስለሆነ ይህ 20 ኪሎ ዋት ማለት ነው። ከዚህ ውስጥ ሩቡን ብቻ የሚያሳልፍ እጅግ ጥሩ መስታወት ብንገዛ እንኳ 5 ኪሎ ዋት ሙቀት ወደ ክፍሉ ይገባል፤ ለመኝታ ክፍል የሚሸጠው የተለመደው ባለ 12,000 ቢቲዩ አየር ማቀዝቀዣ ግን ማውጣት የሚችለው 3.5 ኪሎ ዋት ያህል ነው። ፖሊካርቦኔት የተባለው ብርሃን የሚያሳልፍ ጠንካራ ፕላስቲክም በአማራጭነት ቀርቦልን ነበር። ክብደቱ ቀላል ነው፤ ነገር ግን ዝናብ ሲወርድበት የሚያሰማው ድምፅ ጨዋታ አያስቀጥልም፣ ሲሞቅና ሲቀዘቅዝም ብዙ ይለጠጣል፣ ይኮማተራል። የ4 ሜትር ፓኔል በ40 ዲግሪ የሙቀት ልዩነት ርዝመቱ 1 ሴንቲ ሜትር ያህል ስለሚለዋወጥ፣ ብሎኑ ጠብቆ ከታሰረ ቀዳዳው እየሰፋ ይሄዳል። በፎም የተሞላውን ፓኔል በመምረጣችን አንድም ቀን አልተጸጸትንም፤ በቀትር እጄን ከኮርኒሱ ጋር ሳስነካው ለብ ያለ እንጂ የሚፋጅ ሆኖ አላገኘሁትም።

መስታወቱን በተመለከተ ገዢው ሊጠይቀው የሚገባው ቀዳሚ ቁጥር ከሚያርፍበት የፀሐይ ሙቀት ምን ያህሉን ወደ ውስጥ እንደሚያሳልፍ የሚገልጸው ነው። ይህ ቁጥር በ0 እና በ1 መካከል ይሆናል። ተራ፣ ነጠላና ስስ መስታወት 0.86 አካባቢ ሲሆን የኛ 0.25 ነው። ልዩነቱን የሚያመጣው በዓይን የማይለይ እጅግ ስስ የብር ቅብ ነው። በሞቃት አካባቢ ቅቡ መሆን ያለበት በውጨኛው መስታወት ላይ፣ በሁለቱ መስታወቶች መካከል ወዳለው ክፍተት በሚያየው ገጽ ነው፤ መስታወቱ የሚሰበስበው ሙቀት አብዛኛው ወደ ውጭ ተመልሶ እንዲወጣ የሚያደርገው ይህ አቀማመጥ ነው። ሠራተኞች ሊሳሳቱ እንደሚችሉ አንብቤ ስለነበር፣ ገጠማው ባለቀበት ምሽት ሻማ ለኩሼ በየመስታወቱ ፊት አቆምኩ። በድርብ መስታወት ላይ አንድ ነበልባል አራት ሆኖ ይታያል፤ ከአራቱ ቀለሙ ለየት ያለው ቅቡ ያለበት ገጽ ነው። ከውስጥ ሆኜ ስቆጥር በአሥራ አንዱ መስታወቶች ላይ የተለየው ሦስተኛው ነበልባል ነበር፤ በአንዱ ግን ሁለተኛው ሆኖ አገኘሁት። መስታወቱ ተገልብጦ ገብቷል ማለት ነው። በማግስቱ አውጥተው አዙረው ገጠሙት። ሻማ የያዘ ማንኛውም ባለቤት የመጨረሻውን ክፍያ ከመፈጸሙ በፊት ይህን እንዲያደርግ አጥብቄ እመክራለሁ።

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ግን የምዕራቡን ጎን አላዳነውም። ፀሐይ ከፍ ስትል የጣሪያው ክፈፍ ጥላ ይጥላል፤ ከቀኑ 10 ሰዓት በኋላ ግን ዝቅ ብላ ከክፈፉ ሥር በቀጥታ ትገባለች። በመጀመሪያዎቹ ወራት ውጭ በጥላ ሥር የሰቀልኩት ቴርሞሜትር 35 ዲግሪ ሲያሳይ በክፍሉ ውስጥ ያለው 41 ያሳይ ነበር። ወፍራም መጋረጃ ከውስጥ ሰቀልን፤ የረዳን ለዓይን እንጂ ለሙቀቱ አልነበረም፤ ምክንያቱም ጨረሩ መስታወቱን ካለፈ በኋላ መጋረጃውን ያሞቀዋል፣ መጋረጃው ደግሞ ክፍሉን። ለውጥ ያየነው ከውጭ በኩል የሚጠቀለል ጠንካራ የጥላ ጨርቅ ካስገጠምን በኋላ ነው። ከዚያ ወዲህ፣ መስኮቶቹ ተከፍተው፣ በዚያው ሰዓት ያለው ልዩነት ከአንድ ወይም ከሁለት ዲግሪ አይበልጥም። ነፋሱ በሚመጣበት ጎን ዝቅ ብሎ፣ በተቃራኒው ጎን ደግሞ ከጣሪያው ሥር ከፍ ብሎ የሚከፈት መስኮት ማድረጋችን ሞቃቱ አየር በራሱ ጊዜ እንዲወጣ አስችሏል። የጣሪያው ማራገቢያ ሰውን ያቀዘቅዛል እንጂ ክፍሉን አያቀዘቅዝም፤ ስለዚህ ሰው በሌለበት እንዲዞር መተው ኤሌክትሪክ ማባከን ነው። በክፍሉና በቤቱ መካከል የነበረውን የቀድሞውን የውጭ በር ሳናፈርስ መተዋችንም በጣም ጠቅሞናል፤ በቀትር ስንዘጋው የክፍሉ ሙቀት ወደ ሳሎን አይዘልቅም።

ወደ ወጀቡ ልምጣ። የነፋስ ግፊት የሚጨምረው በፍጥነቱ ልክ ሳይሆን በፍጥነቱ ካሬ ነው። በሰዓት 72 ኪሎ ሜትር የሚነፍስ ነፋስ በአንድ ካሬ ሜትር ግድግዳ ላይ 25 ኪሎ ግራም ያህል ይጫናል፤ ፍጥነቱ በእጥፍ አድጎ 144 ሲደርስ ግፊቱ አራት እጥፍ ሆኖ 100 ኪሎ ግራም ይሆናል። በጣሪያ ጠርዝና ማዕዘን ላይ ደግሞ ወደ ላይ የሚስበው ኃይል ከዚህም ይበልጣል። የመጀመሪያው ተቋራጭ የአዲሱን ጣሪያ አንድ ጫፍ በአሮጌው ጣሪያ ጠርዝ ሳንቃ ላይ ብቻ ለማሰር አስቦ ነበር። መሐንዲሷ አልተቀበለችውም፤ ጣሪያው ከቢሙ፣ ቢሙ ከዓምዱ፣ ዓምዱም ከራሱ የኮንክሪት መሠረት ጋር ሳይቋረጥ በብሎን እንዲያያዝ አደረገች። በወቅቱ ወጪው ከብዶኝ ስለነበር የብረት ሥራውን የሚመሩትን አዛውንት፣ «ጋሼ፣ ለዚች ቀላል ጣሪያ ይህ ሁሉ ብሎን ያስፈልጋል?» ብዬ ጠየቅኋቸው። «ልጄ፣» አሉኝ፣ «ነፋስ ጣሪያ የሚወስደው ከላይ ተጭኖ አይደለም፤ ከሥር ገብቶ አንሥቶ ነው። ቀላል የሆነውን ነው ቀድሞ የሚያነሣው።»

ለዚሁ ምክንያት የውስጠኛው መስታወት በመካከሉ የፕላስቲክ ሽፋን ያለው ድርብርብ እንዲሆን አድርገናል። ተራ መስታወት በሚበር እንጨት ተመትቶ ከወደቀ ነፋሱ ወደ ውስጥ ይገባና ጣሪያውን ከሥር ይገፋዋል፤ ከላይ የሚስበው ኃይል ሲታከልበት ጣሪያው በአንድ ጊዜ ሊነሣ ይችላል። ድርብርቡ ግን ቢሰነጠቅም ከፍሬሙ ሳይለቅ ይቆያል። በ1992 እ.ኤ.አ. አንድሩ የተባለው ዐውሎ ነፋስ የፍሎሪዳን ደቡባዊ ክፍል ካወደመ በኋላ በዚያ የጸናው የፍተሻ ሥርዓት፣ 4.1 ኪሎ ግራም የሚመዝን እንጨት በሰከንድ 15 ሜትር ፍጥነት በመስታወቱ ላይ ተተኩሶ፣ ከዚያም 9,000 ጊዜ ግፊትና ስበት እየተፈራረቀበት መስታወቱ ጸንቶ እንዲቆም ይጠይቃል። ሻጩ «ለወጀብ የሚሆን» ሲል የትኛውን ፍተሻ እንዳለፈ በጽሑፍ ማስረጃ እንዲያቀርብ መጠየቅ ተገቢ ነው፤ ማስረጃው መስታወቱን ብቻ ሳይሆን ፍሬሙንም ከነአገጣጠሙ የሚያካትት መሆን አለበት።

መስታወቶቹም ጣሪያውም እስከ ዛሬ አንድም ጉዳት አልደረሰባቸውም። ያስቸገረን ውሃ ነው። የመጀመሪያው ከባድ ወጀብ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ መጣ። ነፋሱ ጋብ ሲል ባትሪ ይዤ ገባሁና ጣሪያው ከአሮጌው ግድግዳ ጋር የሚገናኝበትን መስመር ከዳር እስከ ዳር ተከተልኩ። ሦስተኛው ቢም አጠገብ አንዲት ጠብታ ተንጠልጥላ አየሁ፤ እያበጠች መጥታ በልስኑ ላይ ቀስ ብላ ወረደች፣ ወዲያው ሌላዋ በቦታዋ ተተካች። ሲነጋ ቀለሙ ክንድ በሚያክል ስፋት አብጦ ነበር። ተቋራጩ መጥቶ ሲሊኮን ጨመረበት፤ ከሦስት ወር በኋላ ያው ቦታ እንደገና አፈሰሰ። ምክንያቱ በኋላ ግልጽ ሆነልኝ። መገናኛውን የሚሸፍነው ላሜራ በግድግዳው ልስን ላይ በሲሊኮን ተለጥፎ ነበር እንጂ ወደ ግድግዳው አልገባም ነበር። የ5 ሜትር አሉሚኒየም በ40 ዲግሪ ልዩነት ከ4 ሚሊ ሜትር በላይ ይለጠጣል፤ ግድግዳው ግን እምብዛም አይንቀሳቀስም፤ ስለዚህ በመካከላቸው የተለጠፈው ሲሊኮን በየቀኑ እየተሳበ መሰንጠቁ አይቀርም። መፍትሔው ግድግዳውን በመጋዝ 2.5 ሴንቲ ሜትር ያህል ሰንጥቆ የላይኛውን ላሜራ ማስገባትና ከጣሪያው ጋር በታሰረው የታችኛው ላሜራ ላይ ሳይያያዙ እንዲደራረብ ማድረግ ነበር። ሁለቱ እንደልባቸው ይንቀሳቀሳሉ፤ ውሃው ደግሞ ከላይኛው በታችኛው ላይ ይወርዳል። ሥራው አንድ ቀን ተኩል ፈጀ፤ ሁለተኛው የወጀብ ወቅት ሙሉ በሙሉ ያለ ጠብታ አለፈ። ይህ ከመጀመሪያው በውሉ ላይ በሥዕል ተደግፎ ሊሰፍር ይገባ ነበር፤ አለመስፈሩ እስከ አሁን ያሳዝነኛል።

ሌላው ፍሳሽ ከተንሸራታቹ በር ሐዲድ የመጣ ነው። በሐዲዱ ውጨኛ ጎን የገባውን ውሃ የሚያስወጡ ትናንሽ ቀዳዳዎች አሉ። አንድ ሠራተኛ ፍሳሽ የሚከላከል መስሎት ሁለቱን በሲሊኮን ደፍኗቸው ነበር፤ ሌሎቹን ደግሞ አቧራ ዘጋቸው። በዝናብ ጊዜ ሐዲዱ እንደ ገንዳ ሞልቶ ወደ ውስጥ ፈሰሰ። ሲሊኮኑን በምላጭ አነሣሁት፤ አሁን በየወሩ በቀጭን ሽቦና በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ አጸዳቸዋለሁ፣ ከዚያም አንድ ብርጭቆ ውሃ ሐዲዱ ላይ አፍስሼ በውጭ በኩል መውጣቱን አያለሁ።

ቀሪው ጥቂት ነው። በሰባተኛው ወር አንዱ ድርብ መስታወት በመካከሉ ጉም አበጀ፤ ይህ ማሸጊያው መልቀቁን ያሳያል፣ በዋስትናው መሠረትም ያለ ክፍያ ተቀይሯል። ከማይዝጉት ብሎኖች መካከል የተቀላቀሉ ጥቂት ተራ የብረት ብሎኖች አሉሚኒየሙን በነኩበት ቦታ ዝገዋል፣ በዙሪያቸውም ነጭ ዱቄት ወጥቷል፤ ሁሉንም ቀይሬያቸዋለሁ። ወለሉና የኤሌክትሪክ መስመሩ ችግር የላቸውም።

ክፍሉን በጣም የምንወደው ከማለዳው 12 ሰዓት እስከ ረፋዱ 4 ሰዓት ድረስ እና ፀሐይ ከገባች በኋላ ነው። እናቴ የማለዳ ንባቧን ወደዚያ አዛውራለች፤ ብርሃኑ ለዓይኗ ስለተስማማት ከዚያ ወዲህ ሳሎን ተቀምጣ አላነበበችም። ለስለስ ያለ ዝናብ ሲዘንብም አብረን ተቀምጠን እንመለከታለን። የወጀብ ማስጠንቀቂያ ሲወጣ ግን ወንበሮቹን አስገብተን፣ የውጭውን ጥላ ጠቅልለን አስረን፣ የቤቱን በር ዘግተን ወደ መካከለኛው ክፍል እንገባለን፤ መስታወቱ የቱንም ያህል ቢጠነክር ክፍሉ መጠለያ እንዲሆን አልተሠራም። በሚቀጥለው የደረቅ ወቅት በምዕራቡ ጎን ያሉትን የታችኛዎቹን መስታወቶች አስነሥቼ እስከ አንድ ሜትር ከፍታ በብሎኬት አስገነባለሁ፤ ለመሐንዲሷም ሥዕሉን እንድትጀምር ነግሬያታለሁ።