ዋትማን 903 ካርድ ለወባ ዘረመል ምርመራ፦ የቱ ጋ ይበቃል፣ የቱ ጋ ይከዳል?

ዋትማን 903 የደም ጠብታ አድርቆ ለማቆየት የሚያገለግል የወረቀት ካርድ ነው። በስፋት የሚታወቀው በአራስ ሕፃናት ምርመራ ነው፤ የወባ ላብራቶሪዎች የተዋሱት ዕቃ ነው። አመሉም ከዚያው ይመጣል። ካርዱ ላይ አምስት ክቦች ታትመዋል፤ እያንዳንዳቸው ከ75 እስከ 80 ማይክሮ ሊትር ደም ይጠጣሉ። ከአንድ የጣት ውጊያ አምስቱንም መሙላት አይታሰብም። ሁለት ክብ በደንብ ከሞላ የወባ ፓራሳይቱ መድኃኒት መላመዱን ለመመርመር ይበቃል፤ አምስት ክብ በሩብ በሩብ ከተነካካ ግን ካርዱ ባክኗል።

ካርድ የሚበላሸው በአብዛኛው አሞላሉ ላይ ነው። ጣቱ በአልኮል ከተጠረገ በኋላ ፈጽሞ ይድረቅ። እርጥብ አልኮል ደሙን ያቀጥነዋል፣ ቀይ የደም ሕዋሱን ያፈነዳል፣ በጠብታው ዙሪያም ገርጣ ያለ ቀለበት ይተዋል። የመጀመሪያው ጠብታ በደረቅ ጎዝ ይጠረግ። ሁለተኛው ወፍሮ እስኪንጠለጠል ይጠበቅና ወረቀቱ ደሙን ብቻ ይንካ፣ ጣቱን አይንካ። አንድ ክብ በአንድ ጠብታ ነው፤ የጎደለውን እሞላለሁ ብሎ በላዩ ሌላ መደረብ ደሙ ወረቀቱ ላይ እኩል እንዳይሰራጭ ያደርጋል። ከዚያ ካርዱን ገልብጦ ማየት ነው። ከጀርባው ያለው ቀይ ከፊቱ ካነሰ ደሙ አልዘለቀም። የታካሚው መለያ ቁጥር በእርሳስ ይጻፍ፤ የእስክሪብቶ ቀለም አልኮል ሲነካው ይፈሳል።

ማድረቁ ቀላል ይመስላል፣ ብዙ ናሙና የሚጠፋው ግን እዚህ ነው። ካርዱ ጠፍጣፋ ቦታ ላይ፣ ከፀሐይ ርቆ፣ ቢያንስ 4 ሰዓት ይቀመጥ። እንደ ጋምቤላ ባለ ወበቃማ ቦታ፣ በተለይ በክረምት፣ አንድ ሌሊት ይደር። ዝንብና ጉንዳን ደሙን ስለሚበሉ የካርቶን ሽፋን ወይም አጎበር ቢጤ ያስፈልጋል። በደንብ የደረቀ ደም ደማቅነቱን ጥሎ ወደ ጥቁር ቡናማ ይሄዳል። ከዚያ እያንዳንዱ ካርድ ለብቻው ዚፕ ባለው ከረጢት፣ ከሲሊካ ጄል ጋር ይታሸግ። ብርቱካናማው ሲሊካ ወደ አረንጓዴ ከዞረ እርጥበት ጠግቧል፣ ይቀየር። ሳይደርቅ የታሸገ ካርድ ይሻግታል፤ ዲኤንኤውም ይቆራረጣል። ያንን ደግሞ የትኛውም ማሽን አይጠግነውም።

ከ903 ጎን የሚነሱት ሁለት ናቸው። 3ኤምኤም የሚባለው የዚያው የዋትማን ወረቀት ረከስ ይላል፤ ግን ክብም ሽፋንም የለውም፣ ጓንት አድርጎ መቀስ ይዞ መቁረጥ የራስ ሥራ ነው። ሰው ካለ ጥሩ ምርጫ ነው። ኤፍቲኤ በኬሚካል የተነከረ ነው፤ ሕዋሱን እዚያው ሰብሮ ዲኤንኤውን ይዞ ያስቀራል። ፍሪጅ በሌለበት ቦታ ይህ ጥቅም ነው። ነገር ግን ፕሮቲኑን ስለሚያበላሽ ከዚያው ካርድ ላይ የፀረ እንግዳ አካል ምርመራ ለመሥራት ያሰበ አይግዛው። በእኛ ግምት ለጤና ጣቢያ ሥራ 903 ይሻላል፤ ኤፍቲኤ ለዋጋው የሚመጥን ትርፍ አያመጣም።

አሁን ወደ ላብራቶሪው። ከደረቀው ደም በመብሻ የምትቆረጥ 3 ሚሊ ሜትር ስፋት ያላት ክብ ቁራጭ ወደ 3 ማይክሮ ሊትር ደም ትይዛለች። በአየሩ ድርቀት ጊዜ ቁራጮቹ በስታቲክ ኤሌክትሪክ ከቱቦው ዘለው ይወጣሉ፤ ቱቦው ወዲያው ይከደን። በናሙናና በናሙና መካከል መብሻው ንጹሕ ወረቀት ከ3 እስከ 5 ጊዜ ይብሳ። በአልኮል መጥረግ ዲኤንኤን አያጠፋም፤ የሚያጠፋው በ10 በመቶ የተበጠበጠ በረኪና ነው፣ ከዚያም ብረቱ እንዳይዝግ በውሃ ይታጠብ።

ዲኤንኤውን ከወረቀቱ ለማውጣት ርካሹ ዘዴ ኬሌክስ የተባለው ፍሬ ፍሬ ሙጫ ነው። ቁራጮቹ ቀይ የደም ሕዋሱን በሚሰብር በ0.5 በመቶ ሳፖኒን 1 ሚሊ ሊትር ውስጥ በ4 ዲግሪ ያድራሉ፤ ፒቢኤስ በተባለ የጨው ውሁድ ይታጠባሉ፤ ከዚያ 150 ማይክሮ ሊትር ውሃና 50 ማይክሮ ሊትር የ20 በመቶ ኬሌክስ ተጨምሮ ለ10 ደቂቃ ይፈላል። ኬሌክስ ቶሎ ስለሚዘቅጥ በሚቀዳበት ጊዜ ሁሉ እየተማሰለ ይሁን። በመጨረሻ የሚወሰደው ከላይ ያለው ፈሳሽ ብቻ ነው። አንዲት የኬሌክስ ፍሬ ወደ ፒሲአር (ዲኤንኤን አባዝቶ ወደሚያሳየው ምርመራ) ከገባች ማግኒዥየሙን ትይዝና ሥራውን ታስቆማለች።

ይህ ሁሉ ለምን? ኬ13 በተባለው ጂን ላይ በ622ኛው ቦታ የሚታየው ለውጥ ፓራሳይቱ አርቴሚሲኒን የተባለውን የወባ መድኃኒት በከፊል ከመላመዱ ጋር የተያያዘ ነው። የአንድ ፊደል ነገር ነው፦ ጂ በቲ ይተካል፣ አርጊኒን የነበረው አሚኖ አሲድ አይሶሉሲን ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣ የኢትዮጵያ ጥናት ከ609 ናሙናዎች 8 በመቶው ላይ አግኝቶታል። በኤርትራ በ2016 8.6 በመቶ የነበረው በ2019 21 በመቶ ደርሷል። አርቴሚሲኒን ወለድ መድኃኒት ያለበት ኮአርተም በኢትዮጵያ ለፋልሲፓረም (ለገዳዩ የወባ ዓይነት) የመጀመሪያ መድኃኒት ሆኖ ከ2004 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሲሰጥ ስለቆየ ይህን ቁጥር በቅርብ መከታተል ይገባል። እንዲህ ያለውን የአንድ ፊደል ለውጥ ለማንበብ 903 ምንም አያንሰውም።

የሚከዳው ሌላ ጥያቄ ላይ ነው። ፈጣኑ የወባ መመርመሪያ የሚፈልገው ፓራሳይቱ የሚያመነጨውን ኤችአርፒ2 የተባለ ፕሮቲን ነው፤ ጂኑ የጠፋበት ፓራሳይት ታማሚው እያተኮሰው ምርመራውን ነጋቲቭ ያስብላል። በአማራ፣ በትግራይና በጋምቤላ 12,572 ሰዎችን ያካተተው ጥናት በዚህ ሰበብ 9.7 በመቶው የፋልሲፓረም ሕመም እንደሚያመልጥ ገምቷል፤ የዓለም ጤና ድርጅት መመርመሪያ ይቀየር የሚልበት መስመር ደግሞ 5 በመቶ ነው። እዚህ ላይ የሚፈለገው የጂኑ አለመኖር ነው። ፒሲአሩ ባንድ (ጂኑ መኖሩን የሚያሳየውን መስመር) ካላሳየ ጂኑ ጠፍቷል ወይስ ዲኤንኤው አንሷል? እናስላው። በማይክሮ ሊትር 100 ፓራሳይት ካለ አንዲት ቁራጭ 300 ይዛለች። በ200 ማይክሮ ሊትር ከወጣና 5 ማይክሮ ሊትር ወደ ፒሲአር ከገባ፣ ምንም ሳይባክን እንኳ የሚገኘው ሰባት ወይም ስምንት ፓራሳይት ነው። በማይክሮ ሊትር 10 ብቻ ከሆነ አንድም ላይገባ ይችላል። ስለዚህ ሦስት ቁራጭ ይወሰድ፤ ከኤችአርፒ2 በፊትም ኤምኤስፒ1 እና ኤምኤስፒ2 የተባሉት ሌሎች የፓራሳይቱ ጂኖች መነበባቸው ይረጋገጥ። እነሱ ካልወጡ ናሙናው «ጠፍቷል» ሳይሆን «አልተነበበም» ተብሎ ይመዝገብ። ይህን የዘለለ ሪፖርት ቁጥሩን ያለ አግባብ ከፍ ያደርገዋል።

ለሙሉ ጂኖም ንባብ፣ ማለትም የፓራሳይቱን ዘረመል በሙሉ ለማንበብ፣ የጣት ጠብታ ወረቀት ብቻውን አይመከርም። አንድ ነጭ የደም ሕዋስ ያለው ዲኤንኤ ወደ 280 ከሚጠጉ ፓራሳይቶች ጋር ይስተካከላል፤ ስለዚህ ማሽኑ ጊዜውንና ገንዘቡን የሰውን ጂኖም በማንበብ ይፈጀዋል። የፓራሳይቱን ዲኤንኤ ለይቶ የሚያበዛ ዘዴ አለ፤ ሆኖም ፓራሳይቱ ሲያንስ ንባቡ ክፍተት ይበዛዋል። ከመድኃኒት መላመድ ጋር የተያያዘውን የኤምዲአር1 ጂን ቅጂ ብዛት መቁጠር ለሚፈልግም እንደዚሁ ነው። ለእነዚህ ደሙ ከደም ሥር በኢዲቲኤ (ደም እንዳይረጋ በሚያደርግ) ቱቦ ተቀድቶ ነጭ ሕዋሱ በሴሉሎስ ማጣሪያ ይነሳ። ሄፓሪን ያለበት ቱቦ አይሁን፤ ፒሲአሩን ያግዳል።