አሜሪካ ውስጥ ከ3 ዓመት በፊትና በኋላ፦ አይኤፍኤስፒ ወይስ አይኢፒ?

የዕድገት መዘግየት ወይም የአካል ጉዳት ያለበት ልጅዎ 3 ዓመት ካልሞላው፣ የሚያገኘው ድጋፍ የሚመራው አይኤፍኤስፒ (IFSP) በሚባል የቤተሰብ ዕቅድ ነው። ባለሙያው በአብዛኛው ቤት ድረስ ይመጣል፤ ሲያጎርሱትም ሆነ ሲያጥቡት ልጁን እንዴት እንደሚያናግሩት ያሳያል። ልጁ ድጋፍ ሊያስፈልገው እንደሚችል ከተጠቆመበት ቀን እስከ መጀመሪያው የዕቅድ ስብሰባ ያለው ገደብ 45 ቀን ነው፤ ዕቅዱ በየ6 ወሩ ይታያል። ግምገማው ነፃ ነው፤ ለአገልግሎቱ ግን አንዳንድ ግዛቶች እንደ ገቢው ያስከፍላሉ።

3 ዓመት ሲሞላው ኃላፊነቱ ወደ ትምህርት ቤት ዲስትሪክቱ ይዞራል። ዕቅዱም አይኢፒ (IEP) ይባላል፤ ትኩረቱ የልጁ ትምህርት ነው፤ ክፍያ የለውም፣ የሚከለሰውም ቢያንስ በዓመት አንዴ ነው።

ቤተሰብ የሚቸገረው መሻገሪያው ላይ ነው። መስፈርቱ ስለሚለያይ ቀድሞ ድጋፍ ያገኝ የነበረ ልጅ ሊቀርበት ይችላል። የሽግግር ስብሰባው ከ3ኛ ልደቱ ቢያንስ 90 ቀን ቀድሞ እንዲደረግ ይጠይቁ። አስተርጓሚ መጠየቅም መብትዎ ነው (ታላቅ ልጅዎን አስተርጓሚ አያድርጉት)። ፈቃድዎን በፊርማ ካልሰጡ የዲስትሪክቱ ግምገማ አይጀመርም።